ለጓሮ ወፎች የዱቄት ትል ስለ መስጠት

በእንግሊዝ አገር ብዙ ሰዎች በጓሯቸው ሳህን አንጠልጥለው ለወፎች የዱቄት ትል ይሰጣሉ። ስሙ ትል ይባል እንጂ፣ ይህ ፍጥረት ቴኔብሪዮ ሞሊቶር የተባለው ጥንዚዛ እጭ ነው፤ ይኸውም የተከማቸ እህልና ዱቄት የሚያበላሽ ተባይ ነው። ለሮቢንና ለብሉ ቲት ግን ፕሮቲንና ስብ ያለበት ምግብ ይሆናል።

ሳህኑ የሚንጠለጠለው ድመት በቀላሉ እንዳትደርስበት ነው። ሕያው ትል በልሙጥ ነገር ላይ መውጣት ስለማይችል፣ ጠርዙ ቀጥ ያለና ልሙጥ ሊሆን፣ ከሥሩም የዝናብ ውሃ የሚወርድበት ቀዳዳ ሊኖረው ይገባል።

ብርቱ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ጫጩት በሚፈለፈልበት ወራት ነው። በጎጆ ያለ ጫጩት ውሃ የሚያገኘው ከምግቡ ስለ ሆነ፣ ደረቅ ትል ሳይዘፈዘፍ ቢሰጠው ይጎዳዋል። ደግሞም በትሉ ውስጥ ፎስፎረስ በዝቶ ካልሲየም ስለሚያንስ፣ ዘወትር እርሱን ብቻ የበላ ጫጩት አጥንቱ አይጠነክርም።

ሌላው አደጋ በሽታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 በብሪታንያ ፊንች በተባሉት ወፎች ላይ ትሪኮሞኖሲስ ታየ፤ ይህም ጉሮሮን ዘግቶ መዋጥን የሚከለክል፣ በምራቅ በተበከለ ምግብና ውሃ የሚተላለፍ ደዌ ነው። ከዚያ ወዲህ የግሪንፊንች ቁጥር እጅግ ቀነሰ።

ስለዚህ ትሉን በጥቂቱ መስጠት፣ ሳህኑን በየሳምንቱ ማጠብ፣ የታመመ ወፍ ሲታይም ምግቡን ማቋረጥ ያሻል። ሳህን የሰቀለ ሰው የማጠቡም ግዴታ የእርሱ ነው።