የአህያ ጋሪን ኩሽኔታ ስለ መጠበቅና ግራሶ ስለ መቀባት

በወላይታ ዞን፥ በገሱባና በአካባቢዋ የሚኖር ገበሬ ስኳር ድንቹን፥ ጎደሬውንና ቦሎቄውን ወደ ገበያ የሚያደርሰው፥ ማዳበሪያውንም ወደ ቤቱ የሚያስገባው በሰው ሸክም፥ በአህያ ጀርባ ወይም በአህያ ጋሪ ነው። ጋሪ ብዙ ጭነት በአንድ ጊዜ ስለሚወስድ ድካምን ያቃልላል። ነገር ግን ለአህያው ሣር የሚያስብ ሰው ሁሉ ለጎማው ኩሽኔታ አያስብም። ጎማ ቁልቁለት ላይ ወልቆ ጭነት ሲገለበጥና አህያ ሲሰበር፥ ጉዳቱ ብዙ ጊዜ በጥቂት ግራሶና በግማሽ ቀን ሥራ ሊቀር ይችል የነበረ ነው።

ኩሽኔታ ምን ይሠራል?

በአብዛኛው ጋሪ በእያንዳንዱ ጎማ እምብርት ውስጥ ሁለት ኩሽኔታዎች አሉ፤ አንዱ በውስጥ፥ ሌላው በውጭ በኩል። እያንዳንዱ ሁለት የብረት ቀለበቶችና በመካከላቸው የሚንከባለሉ ትናንሽ ድብልብል ብረቶች አሉት። ብረት በብረት ላይ ከሚፈገፈግ ቢንከባለል ስለሚቀል ጎማው በትንሽ ጉልበት ይዞራል። ባንድ ወገን ቀጠን ያሉ ድብልብል ብረቶች ያሉት ኩሽኔታ በ1898 እ.ኤ.አ. በሄንሪ ቲምከን ስም የፈጠራ መብት የተሰጠው ነው። ቲምከን በአሜሪካ አገር የፈረስ ሠረገላ ሠሪ ነበር፤ ስለዚህ ይህ ኩሽኔታ ለመኪና ከመዋሉ በፊት ለእንስሳት ጋሪ የታሰበ ነው።

ግራሶው በብረቶቹ መካከል እየገባ እንዳይነካኩ ያደርጋል፤ ውኃና አቧራም ያግዳል። ግራሶ ሲያልቅ ብረቱ ይግላል፤ ይቧጨራል። የወላይታ ቀይ አፈር በበጋ አቧራ፥ በዝናብ ጭቃ ሆኖ ወደ ውስጥ ሲገባ ከግራሶው ጋር ተቀላቅሎ እንደ ሞረድ ይበላዋል። ጎማው በከበደ ቁጥር አህያው የበለጠ ይጎትታል፤ ማነቂያውም ትከሻውንና ደረቱን ያቆስለዋል።

የጉዳት ምልክቶች

ጭነቱን አውርዳችሁ፥ አህያውንም ፈትታችሁ ጎማውን ከመሬት አንሡ።
ጎማውን በእጅ ስታዞሩት ቢያጉረመርም ወይም ቢንገጫገጭ ኩሽኔታው ተበልቷል።
ከላይና ከታች ይዛችሁ ስትነቀንቁት በጣም ቢላወስ ዳዶው ላልቷል ወይም ኩሽኔታው አልቋል።
ከመንገድ ሲመለስ እምብርቱ እጅ እስከማያስነካ ቢግል ግራሶ የለውም፤ ወይም ዳዶው ከልክ በላይ ጠብቋል።
ግራሶው ወተት መስሎ ቢነጣ ውኃ ገብቶበታል።

የሥራው ቅደም ተከተል

1ኛ. አንዱን ጎማ በድንጋይ አግዱ፤ የምትፈቱበትን ወገን በጠንካራ ግንድ ደግፉ።
2ኛ. ክዳኑን፥ የዳዶውን መያዣ ሽቦና ዳዶውን ፈትታችሁ ጎማውን ሳቡ። ዕቃዎቹን በንጹሕ ጨርቅ ላይ በተራ አስቀምጡ። የአንዱን ጎማ ከሌላው አትቀላቅሉ።
3ኛ. አሮጌውን ግራሶ ጥረጉ፤ ኩሽኔታውን በላምባ ወይም በናፍጣ እጠቡ። እሳትና ሲጋራ አታቅርቡ፤ እጣቢውንም በወንዝ ወይም በማሳ አታፍስሱ።
4ኛ. ፈጽሞ እስኪደርቅ በንጹሕ ስፍራ አቆዩት። በጎሚስታ ቤት የአየር ግፊት እያስፈተለካችሁ አታድርቁ፤ ተበትኖ ሰው ሊጎዳ ይችላል።
5ኛ. በብርሃን መርምሩት። የዛገ፥ የተቦረቦረ ወይም ከሙቀት የተነሣ የጠቆረ ቢሆን ለውጡ። የውስጡን ሲለውጡ በእምብርቱ ውስጥ የተቀመጠውንም ቀለበት አብሮ መለወጥ ይገባል።
6ኛ. በመዳፋችሁ ግራሶ ይዛችሁ የኩሽኔታውን ሰፊ ጠርዝ እየገፋችሁ በማዶ እስኪወጣ ሙሉት። ላዩን ብቻ መቀባት አይበቃም። የእምብርቱን ባዶ ቦታ ግን እስከ ግማሽ ብቻ ሙሉ፤ ከበዛ ይሞቃል፤ ይፈሳልም።
7ኛ. የአቧራ መከላከያው ጎማ ተቀዶ እንደሆነ ለውጡ።
8ኛ. ጎማውን እያዞራችሁ ዳዶውን አጥብቁ፤ ጎማው ከበድ ሲል በነጻ እስኪዞር ድረስ ጥቂት መልሱት። በመጨረሻ አዲስ መያዣ ሽቦ አግቡና ክዳኑን ግጠሙ። ሚስማር አጥፎ በሽቦው ፈንታ ማግባት ጎማ የሚያስወልቅ ስሕተት ነው።

የትኛው ግራሶ? መቼ?

በቆርቆሮው ላይ ለጎማ ኩሽኔታ የሚሆን መሆኑ የተጻፈበትን፥ ሊቲየም ቁጥር 2 የሚባለውን ግዙ። ቅቤ፥ ሞራና የተቃጠለ የሞተር ዘይት በሙቀት ቀልጠው ስለሚፈሱ አይሆኑም። የተለያየ ዓይነት ግራሶም አትደባልቁ፤ አንዱ ሌላውን ሊያቀጥነው ይችላል።

በዓመት ሁለት ጊዜ፥ ከበልግ ዝናብ በፊት በጥርና ከክረምት በኋላ በጥቅምት መፍታት መልካም ነው። በየቀኑ የሚሠራ ጋሪ ከዚህም ቶሎ ቶሎ ይታይ። ወንዝ ሲሻገር እምብርቱ በውኃ የተዋጠ ጋሪ ግን ወራቱን ሳይጠብቅ ይፈታ።

ለልማት ሠራተኞች

በየቀበሌው ማሠልጠኛ ጣቢያ ጋሪ ያላቸውን ገበሬዎች በአንድ ቀን ሰብስቡ። አንድ ቆርቆሮ ግራሶ በማዋጣት ቢገዙ ወጪው ይቀላል፤ አንዱን ጎማ እናንተ ብታሳዩ ሁለተኛውን ባለቤቱ ራሱ ይሠራዋል። እናንተ የምትነዱት ሞተር ሳይክል ግን ብዙ ጊዜ የታሸገ ኩሽኔታ ስላለው ሲያረጅ ይለወጣል እንጂ ግራሶ አይሞላም።

ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፥ ጋሪው በደጃፋችሁ ቆሞ ሳለ ኩሽኔታውን ተመልከቱ። በመንገድ ላይ ከቆመ ወጪው የጋሪው ብቻ ሳይሆን የአህያውና የምርታችሁም ይሆናል።