የማለዳ ብርድና ሞተረኛው፤ ከጣት የሚጀምር አደጋ

በህዳር፣ በታህሳስ ወይም በጥር ማለዳ ጳውሎስ አካባቢ ቆም ብለው ያስተውሉ። ከአስኮና ከዊንጌት አቅጣጫ በሞተር ሳይክል የሚመጡ ሰዎች መንገድ ሲዘጋባቸው እጃቸውን ለማሞቅ ይሯሯጣሉ። አንዱ መዳፉን እፍ ይላል፤ ሌላው ጣቶቹን ብብቱ ሥር ይሸጉጣል፤ ሌላው ደግሞ እጁን ወደ ጋለው ማርሚታ ያስጠጋል። እርስዎም በሞተር ሥራ ከሚገቡት አንዱ ከሆኑ፣ ወይም ልጅዎ ወይም የትዳር አጋርዎ በሞተር የሚመላለስ ከሆነ የዛሬው ምክራችን ይመለከትዎታል።

ብዙዎቻችን የጠዋት ብርድን የምንፈራው ጉንፋን ያሲዘናል በሚል ነው። ጉንፋን የሚያሲዘው ግን ቫይረስ ነው። ሞተረኛን ቀድሞ ለአደጋ የሚያጋልጠው የጣቶቹ መደንዘዝ ነው።

አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2 ሺህ 300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። በእንጦጦ ግርጌ ያለው ጉለሌ ደግሞ ከከተማዋ ከፍተኛ ቦታዎች አንዱ ነው። በበጋ ወራት ሌሊቱን ሰማዩ ስለሚጠራ ምድር ቀን የያዘችውን ሙቀት በፍጥነት ትለቃለች። በመሆኑም የማለዳው ሙቀት ከ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች መውረዱ የተለመደ ነው፤ አንዳንዴም ወደ 5 ዲግሪ ይጠጋል።

ለእግረኛ 5 ዲግሪ በሹራብ የሚቻል ብርድ ነው። ለሞተረኛ ግን እንዲያ አይደለም። ሰውነታችን በዙሪያው ያለውን ስስ አየር አሙቆ እንደ ልብስ ይይዘዋል፤ ነፋስ ይህን አየር ይገፈዋል። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ሲነዱ፣ ነፋስ ባይኖር እንኳ የራስዎ ፍጥነት ነፋስ ይሆናል። በዚህ ፍጥነት የ5 ዲግሪ አየር ባልተሸፈነ ቆዳ ላይ የዜሮ ዲግሪ ያህል ይሰማል።

ያን ጊዜ ሰውነት ልብንና ሌሎች የውስጥ አካላትን ለማሞቅ ሲል ወደ ጣቶች የሚሄደውን ደም ይቀንሳል። ጣቶች ይገረጣሉ፤ ይደነዝዛሉ፤ እንደ ልብ አይታዘዙም። የፊት ፍሬን የሚያዘው በቀኝ እጅ፣ ፍሪሲዮን የሚያዘው ደግሞ በግራ እጅ ጣቶች መሆኑን ያስታውሱ። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ሞተር በአንድ ሰከንድ 11 ሜትር ያህል ይሄዳል። የደነዘዘ ጣት ፍሬን ለመያዝ ግማሽ ሰከንድ ቢዘገይ፣ ሞተሩ ከአምስት ሜትር በላይ ተጨማሪ ይጓዛል። ይህም የሦስት ሰው ቁመት ያህል ነው። ድንገት ለሚሻገር እግረኛ ይህ ርቀት የሞትና የሕይወት ጉዳይ ሊሆን ይችላል።

ታዲያ ምን ያድርጉ?

ከሁሉ በፊት ነፋሱን ይከልክሉ። ወፍራም ሹራብ ብቻውን ነፋስ ያስገባል፤ ከላዩ ነፋስ የማያሳልፍ ጃኬት ይደርቡ። ጃኬቱ ከሳሳ በደረትዎ ላይ ጥቂት የጋዜጣ ገጾች አነጥፈው ይዝጉት፤ ያነበቡት ጋዜጣ ነፋስ ይከላከልልዎታል። አንገትዎን ይሸፍኑ፤ የሻርፑን ጫፍ ግን ወደ ውስጥ ያስገቡ። ጋቢ ለብሶ መንዳት አይገባም፤ ጫፉ በጎማ ወይም በካቴና ሊጠመጠም ይችላል።

ጓንት ሲገዙ ነፋስ የማያሳልፍና ጣት እንደ ልብ የሚያንቀሳቅስ ይምረጡ። የሹራብ ጓንት ብቻ ካለዎት ከሥሩ ስስ የፕላስቲክ ጓንት ያድርጉ። እርጥብ ጓንትና ካልሲ ሙቀትን በፍጥነት ስለሚወስዱ ደረቅ መለወጫ ይያዙ። ከኋላ የሚቀመጠውም ሰው እንደ እርስዎ መልበስ አለበት።

ጣትዎ ከደነዘዘ ዳር ይዘው ይቁሙ። እጅዎን ብብትዎ ሥር ያድርጉ፤ የሚሞቅ ሻይ ይጠጡ። እጅዎን ማርሚታ ወይም እሳት ላይ አያስጠጉ። የደነዘዘ ቆዳ ሙቀቱን ስለማይለይ ሳይታወቅዎ ይቃጠላሉ።

«ለብርድ አንድ መለኪያ» የሚባለውን ምክር አይስሙ። አረቄ በቆዳ ሥር ያሉትን የደም ሥሮች ስለሚያሰፋ ሙቀት የተሰማዎት ይመስልዎታል እንጂ፣ ሰውነትዎ ሙቀቱን እያባከነ ነው። በዚያ ላይ ጠጥቶ መንዳት ራሱ ገዳይ ነው።

አስም ያለብዎት ከሆነ ቀዝቃዛና ደረቅ አየር ሕመሙን ሊቀሰቅስ ስለሚችል አፍና አፍንጫዎን ይሸፍኑ፤ የሚነፋ መድኃኒትዎንም ከኪስዎ አይለዩ። የስኳር ሕመም ነርቫቸውን የጎዳባቸው ሰዎች ብርዱ ላይሰማቸው ስለሚችል እጅና እግራቸውን በዓይናቸው ጭምር ይመልከቱ። ብርድ በነካቸው ቁጥር ጣታቸው ነጭ ወይም ሰማያዊ የሚሆን ሰዎች ሐኪም ያማክሩ።

የሰውነት ሙቀት ከ35 ዲግሪ በታች ከወረደ ግን ነገሩ ከጣት አልፏል። ብርቱ መንቀጥቀጥ፣ የአንደበት መተሳሰር፣ መደናገርና እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት ምልክቶቹ ናቸው። መንቀጥቀጡ ቆሞ ሰውየው ከደነዘዘ ተሻለው ብለው አይዘናጉ፤ እየባሰበት ነው። ከነፋስ አርቀው፣ እርጥብ ልብሱን አውልቀው በደረቅ ይሸፍኑትና ፈጥነው ሆስፒታል ያድርሱት።

ነገ ጠዋት ሞተሩን ከማስነሳትዎ በፊት ጓንትዎን አጥልቀው ፍሬኑን ጭብጥ ለቀቅ ያድርጉት። ጣቶችዎ ፈጥነው ካልታዘዙ አሙቋቸው። አምስት ደቂቃ አርፍዶ ሥራ መግባት ጨርሶ ካለመድረስ ይሻላል። መልካም መንገድ!