ባትሪ አልባው የፊኛ መሣሪያ

ህብለ ሰረሰሩ ተጎድቶ እግሮቹ የከዱትን ሰው ስናይ ዓይናችን የሚያርፈው ተሽከርካሪ ወንበሩ ላይ ነው። እሱን ግን ብዙ ጊዜ ከመራመድ ይልቅ የሚያስጨንቀው ሽንቱ ነው። ሳያስበው ያመልጠዋል፤ ወይም አልወጣ ይልና ወደ ኋላ ተመልሶ ኩላሊቱን ይጎዳል። ሽንቱን የሚያወጣለት ቱቦ (ካቴተር) ቢሆንም ኢንፌክሽን ያመላልስበታል።

እንግሊዛዊው ተመራማሪ ጃይልስ ብሪንድሊ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ለንደን ውስጥ ለዚህ መላ አበጀ። መሣሪያው ከወገብ በታች ወደ ፊኛ የሚወርዱትን ነርቮች ከሥራቸው በኤሌክትሪክ ይቀሰቅሳል። ሰውነት ውስጥ የሚቀበረው ክፍል ባትሪ የለውም፤ ከቆዳ ሥር ተቀባይ፣ ከእሱ የሚነሱ ሽቦዎች፣ ጫፋቸው ላይ ነርቮቹን የያዙ ኤሌክትሮዶች ብቻ ናቸው። ሰውየው መጸዳጃ ቤት ሲገባ ከውጭ የሚይዘውን ማስተላለፊያ ተቀባዩ ባለበት ቆዳ ላይ ያስጠጋና ቁልፉን ይጫናል። ኃይሉ በሬዲዮ ሞገድ ቆዳውን አልፎ ይገባል።

ችግሩ፣ ፊኛው እንዲጨመቅ የተላከው ኤሌክትሪክ መውጫውን የሚዘጋውን ጡንቻም አብሮ ያጠብቀዋል። ታዲያ ሽንቱ በየት ይውጣ? ብሪንድሊ የተጠቀመው በሁለቱ ጡንቻዎች የፍጥነት ልዩነት ነው። የመውጫው ጡንቻ ኤሌክትሪኩ እንደቆመ ወዲያው ይላላል፤ የፊኛው ግን ዝግተኛ ስለሆነ መጭመቁን ቶሎ አይተውም። ስለዚህ መሣሪያው ጥቂት ሰከንድ ይልክና ያርፋል። ሽንቱ የሚወርደው በዕረፍቱ ነው! ፊኛው ባዶ እስኪሆን እንዲሁ ይልካል፣ ያርፋል። የሰውነትን ጠባይ ሳይታገል በዚያው ጠባይ መሥራቱ እስካሁን ያስደንቀኛል።

ዕድሜውስ? ብሪንድሊ የመጀመሪያዎቹን 500 መሣሪያዎች ተከታትሎ እ.ኤ.አ. በ1995 ባወጣው ጽሑፍ፣ አንድ መሣሪያ በአማካይ ሳይበላሽ የሚቆየው 20 ዓመት ገደማ እንደሆነ አስልቷል። ባትሪያቸው ከቆዳ ሥር የሚቀበር ሌሎች የፊኛ ማነቃቂያዎች ባትሪው ዕድሜውን በጨረሰ ቁጥር ቀዶ ጥገና ይጠይቃሉ፤ ይህኛው ግን የሚያልቅ ነገር ውስጡ የለም። ሽቦው ቢበጠስም ተከፍቶ ይጠገናል።

የማይጠገነው ሌላ ነው። ፊኛው በራሱ ጊዜ እየተኮማተረ ሽንት እንዳያፈስ፣ አብዛኛውን ጊዜ መሣሪያው ሲተከል ስሜት የሚያደርሱት የኋለኞቹ የነርቭ ሥሮች ይቆረጣሉ። ፊኛው ያኔ ብዙ ሽንት ይይዛል፣ ኩላሊትም ይተርፋል። ነገር ግን በዚያ አካባቢ የቀረ ስሜት ካለ ይጠፋል፤ ወንዱም በንክኪ የሚመጣውን የብልት መቆም ያጣል። ሐኪሙ ይህን ከቀዶ ጥገናው በፊት፣ ታካሚው ባለትዳር ከሆነ ባልና ሚስት አብረው ባሉበት፣ ሳይሸፋፍን ሊነግራቸው ይገባል።