የኖርዌይ ደጅ ሲጠብ

ኖርዌይ ባዕዱንም እንደ ዜጋዋ ያለ ክፍያ በማስተማሯ ስሟ በየአገሩ ይወሳ ነበር። በመንግሥት ዩኒቨርስቲዎቿ የሚማር ሰው፥ ከኦስሎ ይምጣ ከአዲስ አበባ፥ በየመንፈቀ ዓመቱ ለተማሪዎች አገልግሎት ከሚሰጣት ጥቂት ገንዘብ በቀር ስለ ትምህርቱ የሚጠየቀው አልነበረም።

እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ከ2023 ዓ. ም. ጀምሮ ግን ይህ ልማድ ቀረ። ከአውሮፓ የኤኮኖሚ ክልልና ከስዊስ ውጭ የሚመጣ አዲስ ተማሪ የማስተማሪያውን ወጪ እንዲከፍል ሕግ ወጣ። ልኩን የሚወስነው እያንዳንዱ ዩኒቨርስቲ ሲሆን፥ ለአንድ ዓመት ከ100,000 ክሮነር በላይ የሚጠየቅባቸው የትምህርት ክፍሎች ብዙ ናቸው። መንግሥቱ ከምክንያቶቹ አንዱን ሲገልጥ፥ ለአገሩ ልጆች ስፍራ ይለቀቃል አለ። የተማሪዎች ማኅበርና አያሌ የዩኒቨርስቲ መሪዎች ቢቃወሙም አልተሰሙም።

ውጤቱ አስቀድሞ ሊታወቅ የሚችል ነበር። ጎረቤቲቱ ስዊድን በ2011 ዓ. ም. ይህንኑ ባደረገች ጊዜ የመጪዎቹ ቍጥር በአንድ ዓመት ውስጥ እጅግ አሽቈልቍሏል። በኖርዌይም ከአውሮፓ ውጭ የሚመጣው አዲስ ተማሪ ከአምስት እጅ አራቱ ያህል ቀረ። የቀረውም ሰነፉ አይደለም፤ ገንዘብ የሌለው ነው።

ነገሩ እኛንም ይመለከታል። በኖርዌይ ተምረው ተመልሰው በዩኒቨርስቲዎቻችን ስለ እርሻና ስለ ደን የሚያስተምሩ ኢትዮጵያውያን አሉ። ዛሬ የእነርሱን መንገድ ሊከተል የሚሻ ወጣት አባቱ ምን ሒሳብ ይጠብቀዋል? መቶ ሺሕ ክሮነር ወደ ዐሥር ሺሕ ዶላር ይጠጋል። በሐምሌ 2024 ዓ. ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ከመለቀቁ በፊት ዶላሩ 57 ብር ያህል ስለ ነበረ፥ ዕዳው ስድስት መቶ ሺሕ ብር አይሞላም ነበር፤ አሁን ከሚሊዮን አልፏል። ይህም የአንድ ዓመት ብቻ ነው።

እርግጥ ነው፥ ቀድሞም ቢሆን ነፃ የተባለው ሁሉ ነፃ አልነበረም። የመኖሪያ ፈቃድ የሚጠይቅ ተማሪ የቀለብና የቤት ኪራይ ገንዘብ እንዳለው ማስረዳት ነበረበት፤ ይህም ለ2024 የትምህርት ዘመን ከ150,000 ክሮነር በላይ ነበር። አዲሱ ክፍያ በዚህ ላይ የተደረበ ነው።

ከክፍያው ውጭ የሆነም አለ፤ በሁለት ዩኒቨርስቲዎች መካከል በተደረገ የልውውጥ ውል የሚሄድ ተማሪ አይጠየቅም። ስለዚህ ወላጅ የባንክ ደብተሩን ከመግለጡ በፊት፥ ልጁ የሚማርበት ዩኒቨርስቲ እንዲህ ያለ ውል ያለው እንደ ሆነ ከመዝገብ ቤቱ ቢጠይቅ ይበጀዋል።