ጠረኑ ብቻ አይበቃም

ናይሮቢ ውስጥ «ካምፎር» ተብሎ የሚሸጥ ችግኝ ከሁለት ዛፎች አንዱ ሊሆን ይችላል። አንደኛው ከቻይናና ከጃፓን አካባቢ የመጣው ካምፎር ነው። ሁለተኛው የኬንያ ተራራና የአበርዴር ዝናባማ ደኖች ተወላጅ የሆነ፣ ኪኩዩዎች ሙዛይቲ የሚሉት፣ ሳይንሳዊ ስሙ ኦኮቴያ ኡሳምባሬንሲስ የተባለ ግዙፍ ዛፍ ነው። ኪሌሌሽዋ ለምንኖር ሰዎች ደግሞ ሦስተኛ አሳሳች አለ፤ ሰፈራችን በስሙ የሚጠራበት ሌሌሽዋ የተባለው ቁጥቋጦ። የሦስቱንም ቅጠል በጣት አሽታችሁ ወደ አፍንጫ ብታስጠጉ፣ የሚመጣላችሁ ያው አፍንጫን የሚከፍት የቪክስ ጠረን ነው።

እኔ የምፈልገው ሙዛይቲን ነው፤ ያለ ምክንያትም አይደለም። ይህ ዛፍ ከ30 ሜትር በላይ ይረዝማል፤ እንጨቱን ተባይም ሆነ ብስባሴ በቀላሉ ስለማይደፍረው አናጢዎች ይሻሙበታል። መጥፊያው የሆነውም ይኸው ጥሩ እንጨቱ ነው። በ1999 እ.ኤ.አ. የኬንያ የዱር እንስሳት አገልግሎት የኬንያ ተራራን ደን ከአውሮፕላን ላይ ሲቃኝ፣ አገር በቀል ዛፍ መቁረጥ ተከልክሎ ሳለ፣ 6,700 ያህል ሙዛይቲዎች ተጨፍጭፈው አገኘ። እነዚያን ለመተካት የሚፈጀውን ዘመን ሳስበው ያመኛል። ስለዚህ አንድ ሰው ሙዛይቲ ተከልኩ ብሎ የቻይናውን ቢያሳድግ ለእኔ ትንሽ ነገር አይደለም።

ሌሌሽዋን መለየት ይቀላል። የደረቅ አገር ቁጥቋጦ ነው፤ የቅጠሉ ጀርባ ነጭ ለስላሳ ጸጉር የለበሰ፣ ዘሩም በነጭ ጭገር የተሸፈነ ነው። ወገኑም ከነሱፍና ከነአደይ አበባ ነው እንጂ ከካምፎሮቹ ጋር ዝምድና የለውም። ችግሩ ያለው ሁለቱ ካምፎሮች ላይ ነው። ችግኝ ላይ ፍሬ የለምና ቅጠሉን አይቶ መወሰን ግድ ይላል። የቻይናው ቅጠል ከግርጌው ትንሽ ከፍ ብሎ ሦስት ጎላ ያሉ ጅማቶች ይነሡበታል፤ ጅማቶቹ በሚገናኙበት ቦታ፣ በላይኛው ገጽ በኩል፣ ጥቃቅን እብጠቶች ይታያሉ። የሙዛይቲ ግን መሃል ለመሃል የሚሄድ አንድ ዋና ጅማት አለው፤ ሌሎቹ ከእርሱ ግራና ቀኝ ይወጣሉ። ፊቱ ጥቁር አረንጓዴ፣ ጀርባው ነጣ ያለ ነው። ችግኝ ጣቢያ ስሄድ መጀመሪያ የማደርገው ቅጠል ገልብጦ ጅማት ማየት ነው፤ ማሽተቱ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

የሙዛይቲን ቤተሰብ ምልክት ለማየት ደግሞ ተራራ መውጣት አያስፈልግም። ሙዛይቲ፣ ቀረፋና አቮካዶ ሁሉም የላውራሴ ቤተሰብ ናቸው። ግቢያችን ውስጥ አንድ ያረጀ አቮካዶ አለ፤ ሲያብብ አጉሊ መነጽር ይዤ ሥሩ እቆማለሁ። አበባው ቢጫ ያዘለ አረንጓዴ ነው፤ ስፋቱ ከአንድ ሳንቲ ሜትር ብዙም አይበልጥም። ስድስቱ የአበባ ቅጠሎች በሦስት በሦስት ተደርድረዋል፤ ውስጡ ዘጠኝ ወንዴ ዘንጎች ቆመዋል። አብዛኞቹ አበቦች የወንዴ ዱቄታቸውን የሚያወጡት ከረጢቱ በቁመቱ ተሰንጥቆ ነው። የአቮካዶ ከረጢት ግን ጥቃቅን መስኮቶች አሉት፤ ክዳናቸው ከታች ወደ ላይ ይነሣና ቢጫው ዱቄት እዚያው ላይ ተጣብቆ ይወጣል። የሙዛይቲም አበባ የሚከፈተው እንዲሁ ነው። ይህን ለማየት ግን ሰዓት መምረጥ ያሻል። የአቮካዶ አበባ መጀመሪያ ሲከፈት ሴት ነው፤ ይዘጋና በማግሥቱ ወንድ ሆኖ ይከፈታል። ሃስ የተባለው ዝርያ ወንድ የሚሆነው ከሰዓት በኋላ፣ ፉዌርቴ ግን ጠዋት ነው። የእኛው ዱቄቱን የሚያወጣው ጠዋት ነው፤ ፍሬውም በስሎ እንኳ አረንጓዴነቱን አይለቅም፤ ስለዚህ ፉዌርቴ ነው ብዬ አምናለሁ።

አገራችን ኢትዮጵያም የሙዛይቲ ዘመድ አላት፤ ኦኮቴያ ኬንየንሲስ የሚባለው ዛፍ በባሌው ሐረና ደን ውስጥ ይበቅላል።

ወደ ተከላው ስንመጣ፣ ግቢያችንን የሚንከባከቡት ምዜ ከአበርዴር ግርጌ የመጡ ሰው ናቸው። ዘር ፍለጋ ስባዝን አይተው «ማማ፣ ዘሩን ተይው፤ ከዛፉ ሥር የበቀለውን ፈልጊ» አሉኝ። ልክ ናቸው። ሙዛይቲ በደንብ የሚያፈራው በየስንት ዓመቱ አንዴ ነው፤ ያፈራውንም ወፍና ነፍሳት ይቀድሙበታል፤ የተረፈው ዘር ደግሞ እንደ እህል አድርቀው የሚያስቀምጡት አይደለም፣ ቶሎ ይሞታል። ደኑ ራሱን የሚተካው በአብዛኛው ከሥር በሚወጣ ቡቃያ ነው። ታዲያ ቡቃያውን ከተጠበቀ ደን ቆፍሮ ማምጣት ወንጀል ስለሆነ፣ ፈቃድ ካለው ችግኝ ጣቢያ መግዛት ነው።

የኪሌሌሽዋ ቀይ አፈር ጥልቅና ውኃ የሚያሳልፍ ስለሆነ ይስማማዋል። የሚጎድለው ዝናብ ነው። ናይሮቢ በዓመት 1,000 ሚሊ ሜትር ገደማ ታገኛለች፤ ሙዛይቲ ግን የለመደው ከዚያ የበለጠ ነው። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባለው ዝናብ ተክሎ፣ ሥሩን በደረቅ ቅጠል ሸፍኖ፣ በበጋው ሳይሰለቹ ማጠጣት ያስፈልጋል። ለጋ ሳለም ጥላ ይወዳል።

የእኔን የተከልኩት ቤቱ አጠገብ አይደለም። ሰፈራችን ውስጥ አሮጌዎቹ ሰፋፊ ግቢዎች እየተሸጡ ፎቅ ይሠራባቸዋል፤ ዛፉም አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ ምዜና እኔ ቁልቁል ወርደን፣ መገንባት በሕግ በተከለከለበት ከታች ባለው ወንዝ ዳርቻ ቦታ መረጥንለት።