ከሕዋስ ውስጥ ትእዛዝ የሚሰጠው ማን ነው?



ወደ አንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት የሚገባ ሰው በሺሕ የሚቈጠር ፋይል ተደርድሮ ያያል። ነገር ግን በአንድ ቀን ተከፍቶ የሚሠራበት ጥቂቱ ብቻ ነው። የትኛው እንዲከፈት፤ የትኛውም ተዘግቶ እንዲቈይ የሚወስነው ትእዛዝ ነው። የሰው ገላም እንዲሁ ነው። የዐይንና የጉበት ሕዋሳት በውስጣቸው የያዙት የውርስ ጽሑፍ በመሠረቱ አንድ ሲሆን፤ ዐይንን ዐይን፤ ጉበትንም ጉበት የሚያደርገው ከጽሑፉ ውስጥ የሚከፈቱትና የሚዘጉት ጂኖች መለያየታቸው ነው።

ይህን አሠራር በግልጽ ያስረዱት በፓሪስ የፓስተር ኢንስቲትዩት ሊቃውንት የነበሩት ፍራንስዋ ዣኮብና ዣክ ሞኖ ናቸው። እነዚህ ሰዎች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1961 ዓ.ም. ባወጡት ጽሑፍ፤ አንዲት ባክቴሪያ የወተት ስኳር በሌለበት ጊዜ ስኳሩን የሚፈጩትን ጂኖች የሚዘጋ ከልካይ እንዳላት፤ ስኳሩ ሲገኝ ግን ከልካዩ እንደሚለቅ አስረዱ። በ1965ም ከአንድሬ ልዎፍ ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ።

በሰው ዘንድ ግን ነገሩ እጅግ የተወሳሰበ ነው። የሰው የውርስ ጽሑፍ 3 ቢሊዮን ያኽል ፊደል አለው። አንድ ሰው ሌሊትና ቀን ሳያቋርጥ በየሰኮንዱ አንድ ፊደል ቢያነብ፤ ለመጨረስ 95 ዓመት ያኽል ይፈጅበታል። ፕሮቲን የሚሠሩት 20,000 ያኽል ጂኖች የያዙት የፕሮቲን መመሪያ ከመቶው 2 እጅ እንኳ አይሞላም። የትእዛዙ ቦታዎች በቀረው ሰፊ ክፍል ተበትነው፤ አንዳንዶቹም ከሚያዙት ጂን ርቀው ይገኛሉ። ስለዚህ ፍለጋው ያለ ኮምፒዩተር የሚቻል አልሆነም። ኮምፒዩተሩ የብዙ ሰዎችን ጽሑፍ እርስ በርሱ ያነጻጽራል፤ በየሕዋሱ የትኛው ክፍል ክፍት እንደ ሆነ ይመዘግባል፤ በአጋጣሚ ብቻ ሊሆን የማይችለውንም ግጥምጥሞሽ በሒሳብ ይለያል።

የዚህን ጥቅም በሲክል ሴል በሽታ እንመልከት። በሽታው የሚመጣው ከአንድ ፊደል መለወጥ ነው። ኦክስጅን የሚሸከመው ሄሞግሎቢን ስለሚበላሽ፤ ቀይ የደም ሕዋሳት እንደ ማጭድ ጐብጠው የደም ሥር ይዘጋሉ፤ ሕመምተኛውም በብርቱ ይሠቃያል። ሕፃን በማሕፀን ሳለ ግን የሚሠራበት ሌላ ሄሞግሎቢን አለ፤ ይህም ከተወለደ በኋላ ባሉት ወራት እየቀነሰ ይሄዳል። ይህ የፅንስ ሄሞግሎቢን በብዛት የቀረለት ሕመምተኛ በሽታው እንደሚቀልለት ሐኪሞች ያውቁ ነበር። ታዲያ «ዝጋ» የሚለው ትእዛዝ ከወዴት ይመጣል?

በ2007 እና በ2008 ተመራማሪዎች የብዙ ሰዎችን የውርስ ጽሑፍ ከፅንስ ሄሞግሎቢናቸው መጠን ጋር ባነጻጸሩ ጊዜ፤ ሒሳቡ ቢ ሲ ኤል 11 ኤ ወደሚባል ጂን አመለከተ። ዘጊውም እርሱ መሆኑ በቤተ ሙከራ ተረጋገጠ። ነገር ግን ይህ ጂን በሌላው ገላ ሌላ ሥራ ስላለው ፈጽሞ ማጥፋት አይገባም። በ2013 ግን ጂኑን በቀይ ደም ሠሪ ሕዋሳት ብቻ የሚያዝዘው ቦታ ታወቀ። ከዚያም ደም የሚሠሩ ሕዋሳትን ከሕመምተኛው ወስዶ፤ ያን ቦታ ብቻ ቈርጦ፤ መልሶ የመስጠት ሕክምና ተገኘ። በ2023 መጨረሻ ብሪታንያና አሜሪካ ሕክምናውን ፈቀዱ።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር ልብ ማለት ያስፈልጋል። አንደኛው፤ ኮምፒዩተር ተጠርጣሪውን ያመለክታል እንጂ አይፈርድም፤ ፍርዱ የቤተ ሙከራ ነው። ሁለተኛው፤ ኮምፒዩተር የሚያውቀው የተሰጠውን ብቻ ነው። እስካሁን ለዚህ ዐይነት ጥናት ከተሰበሰበው ጽሑፍ አብዛኛው ዘራቸው ከአውሮፓ ከሆነ ሰዎች የተወሰደ ነው። የሰው የውርስ ጽሑፍ ልዩነት እጅግ የሚበዛው ግን በአፍሪካ ነው፤ የሲክል ሴል ሕመምተኞችም አብዛኞቹ የሚወለዱት ከሰሐራ በስተደቡብ ነው። የሕክምናው ዋጋ ግን በአሜሪካ ሲፈቀድ ለአንድ ሰው 2.2 ሚሊዮን ዶላር ተብሎ ተወስኗል።

እንግዲህ መዝገቡ ያልቀረበለት ባለጉዳይ ውሳኔ እንደማያገኝ እናንተ ከማንም ይልቅ ታውቃላችሁ። የአፍሪካ ሕዝብ የውርስ ጽሑፍም በገዛ ሊቃውንቱ እጅ ተመርምሮ ከመዝገቡ ካልገባ፤ ዕውቀቱ ለሌላው መድኀኒት ሲሆን ለእርሱ ወሬ ብቻ ሆኖ ይቀራል።