መጋረጃውን በሆዱ የያዘ ሽቦ

በአርሲና በባሌ ደጋ የስንዴው ዛላ ደርቆ ባጎነበሰበት ሰሞን ኮምባይነሩ ከማሳው መካከል ድንገት ሲቆምና ማጨጃውን የሚሸከመው ብረት ተሰንጥቆ ሲገኝ፥ ባለ እርሻው ዓይኑን ወደ ደመናው ማንሣቱ አይቀርም፤ ያለ ጊዜው የሚወርድ ዝናብ የዓመት ድካሙን ከመሬት ሊያስቀርበት ይችላልና። ስለዚህ በያጁ ጄኔሬተሩን ጭኖ ስብራቱ ወዳለበት ይሄዳል።

ከአራቱ ባሕርያት ነፋስና እሳት ባልንጀሮች ቢመስሉም፥ በብየዳ ሥራ ግን ነፋስ ጠላት ነው። የቀለጠ ብረት አየር ሲነካው ኦክስጅንና ናይትሮጅን ይገቡበትና፥ ሲቀዘቅዝ እንደ እንጀራ ዓይን የተበሳሳ፥ ለማየት እንጂ ለመሸከም የማይበጅ ይሆናል። በጋራዥ ውስጥ በሚግ ብየዳ የሚሠራ ሰው ይህን የሚከላከለው ከሲሊንደር በሚወጣ ጋዝ ነው፤ በሜዳ ላይ ግን ነፋስ ሽው ባለ ጊዜ ያ መጋረጃ ተጠርጎ ይሄዳል። ለዚህ የሚበጀው ፍለክስ ኮር የሚባለው ሽቦ እንደ መቃ ውስጡ ባዶ ሆኖ በዱቄት የተሞላ ነው፤ ዱቄቱም ሲቃጠል ጋዝ ያወጣል፥ ቀልጦም በብረቱ ላይ ቅርፊት ሆኖ ይረጋል። ኤሌክትሮድ የሚባለው የብየዳ ዘንግ ከውጭ የለበሰውን ልብስ ይህ ከውስጡ ሸሽጎታል። ከዚሁ ወገን ጋዝ የሚሹም ስላሉ፥ ገዢው ያለ ጋዝ የሚሠራ መሆኑን አስቀድሞ ያረጋግጥ።

ሚግ የለመደ እጅ በቀላሉ የሚስተው የኤሌክትሪኩን አቅጣጫ ነው፤ ያለ ጋዝ የሚሠራው ሽቦ በአብዛኛው ከኔጌቲቭ፥ የሚበየደውን ብረት የሚይዘው መቆንጠጫም ከፖዘቲቭ እንዲታሰር ይፈልጋል፤ ተገላቢጦሽ የሆነ እንደ ሆነ ፍንጣሪው ይበዛል፥ ብየዳውም ሥር ሳይሰድ ከላይ ይቀራል። ቀለሙና ዝገቱ ብረቱ እስኪያበራ ድረስ ይፋቃል፤ ሽቦው ከመበየጃው አፍ ከ12 እስከ 20 ሚሊሜትር ያህል ይወጣል፤ እጅም ወደ ኋላ እየሳበ ይበይዳል። ሌላ ዙር ከመደረቡ በፊት ቅርፊቱ በመዶሻ ካልረገፈ፥ በብየዳው ውስጥ ተቀብሮ ያደክመዋል።

ሽቦው ግን የሁሉ ስብራት መድኃኒት አይደለም፤ ጠንካራ የማረሻ ብረት ሳይሞቅ ቢበየድ ከብየዳው ጎን ዳግመኛ ይሰነጠቃል፥ ዚንክ የተለበጠ ላሜራም ሳይፋቅ ቢነካ ጢሱ በያጁን ያሳምመዋል።

ከሁሉም በላይ፥ ሽቦው ብየዳውን ከነፋስ ይጠብቃል እንጂ አዝመራውን ከእሳት አይጠብቅም፤ እንግዲህ የመጀመሪያው ፍንጣሪ ሳይነሣ ገለባውንና እብቁን ጥረጉ፥ የኮምባይነሩን ባትሪ ገመድ ፍቱ፥ ውሃ የሞላ ጀሪካንም ከአጠገባችሁ አኑሩ።